ጢሙ አድጎ ነበር

ሴትዮዋ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ አላለቀሱም። ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡር ገና አዋሽ ጣቢያ እንደ ቆመ ነው፤ የሞተሩ ጉርምርምታ እስከ ለቅሶ ቤቱ ይሰማል። ከዚያው ወርደው በቀጥታ መምጣታቸውን የነጠላቸው መጨማደድና ያንጠለጠሉት ጥቅል ይናገራል። ሌላው ለቀስተኛ ገና ከመንገድ ጀምሮ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ነበር የሚገባው። እሳቸው ግን ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙና የተቀመጠውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አዩ። ለሐዘን የመጡ ሳይሆን የጠፋባቸውን ዕቃ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

አስካለማርያም ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና በተከፈተው በር አየቻቸው። ባሏ ሀብተ ሥላሴ የተቀበረው ትናንት ነው። ከአዋሽ በታች ባለው የጥጥ እርሻ የውሃ ፓምፖቹ መካኒክ ነበር። ንዳድ ያዘው፤ እርሻው ክሊኒክ ተኝቶ ሳለ «ተሽሎታል» የሚል መልእክት ደረሳት። በማግስቱ የእርሻው ላንድሮቨር አስከሬኑን ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ስታለቅስ አድራ ድምጿ ተዘግቷል።

«እትዬ፣ ይግቡ። አረፍ ይበሉ» አለች ጎረቤቷ ስንቅነሽ። የእድሩን ሴቶች የምታስተባብረው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የምትቆጣጠረው እሷ ናት። «ለሟቹ ምኑ ኖት?»

«ምኑም አይደለሁም።»

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ታንጉት። ከናዝሬት ነው የመጣሁት።»

አስካለማርያም ቀና አለች። ይህን ስም ከተጋቡ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። «ናዝሬት አክስቴ ታንጉት ጋ ደርሼ ልምጣ» ይላት ነበር ባሏ። አክስቱ ከሆኑ ለምን ምኑም አይደለሁም ይላሉ?

ሴቶቹም ሰምተዋል። ወሬው ከአንዷ ጆሮ ወደ ሌላዋ ሲዛመት ታያለች። ወይዘሮ ታንጉት የቀረበላቸውን በርጩማ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ቤቱ በር መልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸውን አስካለማርያም ላይ አሳርፈው ቆዩ።

ያ የናዝሬት መንገድ ሦስት ዓመት ሙሉ አስካለማርያምን ሲያብከነክናት የኖረ ነው። ሀብተ ሥላሴ ከእርሻው በመጣ ጊዜ ሁሉ ቤቱን የሚጠጋግን፣ ከጎረቤት ጋር የሚጫወት ሰው ነበር። በየጥቂት ወሩ ግን አንድ ጠዋት ይነሣና ጢሙን ተላጭቶ፣ በዚያ ሐሩር ኮቱን ደርቦ፣ ከአፋሮች የገዛውን ቅቤ ይዞ ባቡር ይሳፈራል። ሲመለስ ራት አይበላም። ብትጠይቀው «ራሴን አሞኛል» ነው መልሱ። አንድ ጊዜ «አክስትህን እኔም ልወቃቸው፤ አብሬህ ልሂድ» ብትለው «አይሆንም» ብሎ ጮኸባት። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ሌላ ሴት እንዳለችው አመነች። እንዲያውም መልኳን ሠርታ ጨርሳለች፤ ቀጭን፣ ቀይ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ በመስኮት የምትጠብቀው። አሁን ከድንኳኑ የተቀመጡት ግን ፀጉራቸው የሸበተ አሮጊት ናቸው። «የሴትዮዋ እናት ይሆኑ? ቤቱን ልጄ ትካፈላለች ሊሉ ይሆን የመጡት?» እያለች ስታስብ ቆየች።

የምትጠረጥረው ናዝሬትን ብቻ አልነበረም። ከድሩም አለ። ከድሩ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ያለው ወሎዬ ነው። ባሏ በዚህ ከተማ ከልብ የሚቀርበው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሲገናኙ ያለ ጨዋታ፣ ያለ ካርታ፣ ሁለቱም ዝም ብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሷ ከደረሰች አንዱ ይነሣል። ሁለት ወንዶች እንዲህ በዝምታ ምን እንደሚያወሩ ገብቷት አያውቅም። አሁንም ከድሩ ከቀብሩ ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ትልቁን ማንቆርቆሪያ አሸክሞ ለለቀስተኛው ሻይ ያመጣል። ይቀዳል፤ ብርጭቆውን ይሰበስባል፤ እሷን ቀና ብሎ ሳያይ ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለች። ለወይዘሮ ታንጉት ሻዩን ሲያቀብል ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ የድንኳኑን ሸራ ስታግለው፣ ሴቶቹ የተኛች መስሏቸው አጠገቧ ሆነው ይንሾካሾኩ ጀመር።

«እኔስ ያ የአውሮፕላኑ ነገር ነው የታየኝ» አለች አንዷ።

«የምን አውሮፕላን?» አለች ሌላዋ።

«አልሰማሽም? ጓደኛውን ጥሎ ነው የመጣው ይሉታል እኮ።»

«ተይ፣ ነፍሱን ይማረው» አለች ስንቅነሽ፤ ግን ወሬውን አላስቆመችም።

አስካለማርያም ዓይኗን እንደ ጨፈነች ሰማቻቸው። የምታውቀው ትንሽ ነው። ሀብተ ሥላሴ ሳያገባት በፊት የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። በሰሜን ውጊያው እየበረታ በሄደበት ዓመት፣ ለደሴቶቹ ጦር ስንቅና ነዳጅ የሚያመላልስ የጦር አውሮፕላን እሱን እንደ ጫነ ከምጽዋ ማዶ፣ ከዳህላክ ደሴቶች ባንዷ ላይ ወደቀ። ሰው የማይኖርባት፣ ጠብታ ውሃ የሌላት ደሴት ናት። በዚያ ሰሞን እዚያ አካባቢ የወደቀው የሱ ብቻ አልነበረም ይባላል፤ ሬዲዮ ግን ስለ አንዱም ትንፍሽ አላለም። አውሮፕላኑ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አብራሪው ሻምበል፣ ሬዲዮኛው ወልደ ኢየሱስና እሱ። የተመለሰው እሱ ብቻ ነው። ባዶ በርሜሎች አሥሮ፣ በዚያ ላይ ተንሳፍፎ የብሱን እንደ ደረሰ ለመርማሪዎቹ ነገራቸው። አላመኑትም። ማስረጃ ስላጡ ግን ከሥራ አሰናብተው ተዉት።

ይህንንም ቢሆን እሱ ወድዶ አልነገራት። ድሮ ወታደር የነበረ የእርሻው ዘበኛ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ጓደኛህን ለሞት ትተህ የመጣህ» ብሎት ነው። ሀብተ ሥላሴ ብርሌውን አስቀምጦ ወጣ። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበርና እቤት ሲገባ ጠየቀችው።

«ስሄድ ሞቶ ነበር» አላት።

ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር ይህን ያለው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሴቶቹ ለራት ዝግጅት ወደ ጓሮ ወጡ። ያኔ ወይዘሮ ታንጉት ከበርጩማው ተነሥተው ገቡና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አክስቴ ናቸው ብሎሻል?»

«አዎ፤ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«የወልደ ኢየሱስ እናት ነኝ።»

አስካለማርያም ሳታስበው ወደ ኋላዋ ሸሸት አለች። ሊረግሙ ነው የመጡት ብላ አሰበች። የባሏ ነፍስ ገና ሳታርፍ፣ በለቀስተኛው ፊት ሊረግሙት ነው። አሮጊቷ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ባልሽ ቤቴ ይመጣ ነበር። ቅቤ ያመጣልኛል፤ ጣሪያዬን ጠግኖልኛል። ልጄ እንዴት እንደ ሞተ ስጠይቀው፣ ‹እማማ፣ ስንወድቅ ወዲያው ነው። አልተሠቃየም› ይለኛል። መጀመሪያ አመንኩት። ሬሳው በሣጥን ታሽጎ መጣ፤ ማንም እንዳይከፍተው ተባለ፤ እንዳለ ቀበርነው። በኋላ ሬሳውን ካመጡት ወታደሮች አንዱን አገኘሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው። አስምዬ ጠየቅሁት። ከአውሮፕላኑ ክንፍ ጥላ ሥር ተደግፎ ተቀምጦ ነው ያገኘነው አለኝ። ጢሙ አድጎ ነበር አለኝ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ልጄ በወደቀበት ቀን ጠዋት የወጣው ከቤቴ አድሮ ነው። ሲላጭ ውሃውን ያሞቅሁለት እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ጢም ያድጋል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁትም?»

«ማወቄን አልነገርኩትም። ራሱ ይንገረኝ ብዬ ጠበቅሁት። በመጣ ቁጥር ዛሬስ ይነግረኛል እያልኩ ምሳ አቀርብለታለሁ። ይበላል፤ ጉልበቴን ስሞኝ ይሄዳል። አሁን እንደያዘው ሞተ።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «አንቺ ሚስቱ ነሽ። ውሃውን ይዞበት ነው የሄደው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እማማ፣ እግዜርን፣ አላውቅም። ለኔም ስሄድ ሞቶ ነበር ነው ያለኝ።»

ወይዘሮ ታንጉት ፊቷን መረመሩት። ያመኗት አይመስሉም። «ባልና ሚስት ናችሁ» አሉና ተነሥተው ወጡ፤ ሌሊቱን ስንቅነሽ ቤት አደሩ።

ከዚያ በኋላ አስካለማርያም ስታለቅስ እንኳ ለማን እንደምታለቅስ ግራ ገባት። ባሏ እቤት በሚሆንበት ጊዜ እንስራው ጎደል ካለ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ ራሱ ቦኖ ወርዶ ይሞላዋል። የፓምፕ ሠራተኛ ስለሆነ ነው ብላ ትስቅበት ነበር። ምግብ ቤት ገብቶ ለሌላው ሰው ሳይቀዳ ውሃ አይጠጣም። ጨዋነቱ ነው ትል ነበር። አሁን ሁሉም ሌላ መልክ ያዘ። ሦስት ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ውሃ ነጥቆ ጓደኛውን የገደለ ሊሆን ይችላል። ሊሆን አይችልም ትልና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ለምንድነው ትላለች።

በማግስቱ ሠልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለሱ ከድሩ ሻዩን ይዞ መጣ። ማንቆርቆሪያውን ሊሞላ ወደ ጓሮ ሲዞር አስካለማርያም ተከተለችው። ጓሮው ውስጥ ከተከመረው ማገዶ በቀር ማንም የለም።

«ጋሽ ከድሩ።»

«አቤት እህቴ። ሻዩ አነሰ እንዴ?»

«ወልደ ኢየሱስ እንዴት ነው የሞተው?»

ከድሩ ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አሳለፈ። «እኔ ምን አውቄ? ሻይ ሻጭ ነኝ።»

«ወልደ ኢየሱስ ማነው ግን አላልከኝም።»

ከድሩ የለቅሶ ቤቱን ግድግዳ አየ፤ አጥሩን አየ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጦ ማገዶው ላይ ተቀመጠ።

«አላህ ይርሐመው፤ ባልሽ እስኪሞት ድረስ ስሜን አንድ ቀን አላነሣም» አለ። «አሁንም ከአፌ ባይወጣ ደግ ነበር።»

«ተናገር። እናቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔም ባሌ ምን እንደ ነበረ ማወቅ አለብኝ።»

«በዚያን ጊዜ ሳምቡክ በሚሉት የባሕር ጀልባ ላይ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ናኹዳው፣ የጀልባዋ አለቃ ማለት ነው፣ የመናዊ ነው። ሲጋራና ጨርቅ ጭነናል። ከጨርቁ ሥር ምን እንዳለ እኔ አልጠየቅሁም፤ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ጀልባ ላይ አይሠራም። ደሴቷ ላይ ጨርቅ ሲውለበለብ አየን። ቀረብ ስንል ወታደር ሆነው ተገኙ። ናኹዳው ሊመለስ ነበር። ባልሽ እስከ አንገቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ለመነው። አብራሪው ሲወድቁ ሞቷል፤ ጓደኛው ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ነው፤ ሁለት እግሩ ተሰብሯል።»

«በሕይወት ነበር?»

«በሕይወት ነበር እንጂ። ናኹዳው ‹ሁለታችሁንም አልወስድም› አለው። ‹እግሩ የተሰበረ ወታደር የት ደብቄ አወርዳለሁ? ከተያዝን ሁላችንም እንሰቀላለን። አንተ ልብስህን አውልቅ፤ እንደ መርከበኛ ሽርጥ ታጠቅና ና። አለዚያ ሁለታችሁም ቅሩ።› ስለ ጀልባዋ ለማንም እንዳይናገር አስማለው። ባልሽ የነበራቸውን ውሃ ሁሉ አጠገቡ አስቀመጠለት። እኔም የራሴን ቆርቆሮ ጨመርኩለት፤ ሩዝም ሰጠሁት። ውሃ አልነጠቀውም እህቴ፤ ወላሂ አልነጠቀውም።»

አስካለማርያም አጥሩን ያዘች።

«ጀልባዋ ጋ ይደርስና ይመለሳል። ደሞ ይመጣል፤ ደሞ ይመለሳል። መልሕቁ ሲነሣ ነው ዘሎ የገባው። ከዚያ ንፋስ ዞረብን። ናኹዳው ምጽዋን ፈርቶ፣ ከአሰብ በላይ ሰው የሌለበት ዳርቻ ጣለው። በእግሩ ጦር ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ‹ሽፍቶቹ ማርከው ለቀውህ ነው› ብለው አሰሩት። ሰው መላክ እስኪፈቅዱ ድረስ ቀኑ አለቀ። አውሮፕላን ሲሄድ ልጁ ሞቷል።»

«ወልደ ኢየሱስ ሂድ አላለውም? ሄደህ ሰው ላክልኝ አላለውም?»

ከድሩ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ባትጠይቂኝ ደግ ነበር። ‹አትሂድ› ነው ያለው። ‹ሀብቴ፣ አትሂድ።› ሌላ ቃል አልተናገረም። ንፋሱ ወደኛ ነበርና ሩቅ እስክንደርስ ሰማነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ላይ መሥራት አልቻልኩም። ባልሽ ከሥራ ሲባረር አሰብ ድረስ መጥቶ ፈለገኝ። እኔ ደግሞ ሊያስይዘኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ያን ድምፅ የሰማ ሌላ ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው የፈለገው። ከባሕር የራቀ አገር እንሂድ ተባባልንና እዚህ መጣን።»

ከድሩ ተነሣ። «ለእናትየዋ ልትነግሪያቸው ነው?»

«እንጃ።»

«ስሜን አትጥሪ። ልጆች አሉኝ።»

እሺም እምቢም አላለችውም። ወደ ቤት ተመለሰች። ተናዳለች። ሌላ ሴት ብትኖረው ይሻላት ነበር፤ ሌላ ሴትን መጥላት ይቻላል። ይኸኛውን ግን በምን ትጥላው? አንድ ቀን እንኳ «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ራሱን ጭኗ ላይ ቢያስቀምጥ ምን ነበረበት? ሦስት ዓመት ሙሉ በሌለች ሴት ሲያስቀናት ኖረ።

ቀትር ሆነ። ለቀስተኛው ምሳ በልቶ ሙቀቱን በመሸሽ ተበትኗል። ወይዘሮ ታንጉት ቤት ገብተው ጥቅላቸውን ያሥራሉ። አስካለማርያም አጠገባቸው ቁጭ አለች። ምላሷ ላይ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ‹ሂድ፣ ሰው ይዘህልኝ ና ብሎታል› ማለት ይበቃል፤ ባሏም ይነጻል፤ እሳቸውም ተጽናንተው ይሄዳሉ። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ያ ትናንት የነበረው፣ ሰው የማያምነው አስተያየት ነው። ባሏም በዚህ ፊት ፊት ተቀምጦ ምሳ እየበላ ሳይናገር መመለሱ ትዝ አላት።

«እማማ፣ ልጅዎ ወዲያው አልሞተም» አለች።

ወይዘሮ ታንጉት እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቀረ።

«ውሃ አልወሰደበትም። የነበራቸው ውሃ ሁሉ ልጅዎ ዘንድ ነው የቀረው። ግን በሕይወት ሳለ ነው ባሌ ትቶት የሄደው። ሰው ሊያመጣለት ሄደ፤ ሳይደርስለት ቀረ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ያየ ሰው።»

ከውጭ ከድሩ ብርጭቆ ሲሰበስብ ይሰማል። የወይዘሮ ታንጉት ዓይን ወደ በሩ ሄደ። እዚያው ቆየ። አሮጊቷ የሰውየውን ስም አልጠየቁም።

«ልጄ ምን አለው፣ ሲሄድበት?»

«‹አትሂድ› አለው።»

ወይዘሮ ታንጉት ቃሉን በከንፈራቸው ብቻ ደገሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚያውቁት ሰው በበር የገባባቸው ይመስሉ ነበር።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ልጄ ነው። ሕፃን ሆኖ ገበያ ስወጣ ቀሚሴን ይዞ ነበር የሚያስቀረኝ። ወታደር ከሆነም በኋላ፣ እቤት ሲያድር ‹እንቅልፍ እስኪወስደኝ በሩን ገርበብ አድርጊው› ይለኝ ነበር። ብቻውን መቅረት አይወድም።» ጥቅሉን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ያ ሳይሠቃይ ሞተ የሚሉኝ ልጅ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላለቀስኩለትም። እንዴት አለቅስለታለሁ?»

«ባሌ ቢነግርዎት ኖሮ . . .»

«ቢነግረኝማ» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ።

ከዚያ አለቀሱ። ሙሾ አላወጡም፤ ደረታቸውን አልመቱም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨምረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለብዙ ጊዜ አለቀሱ። አስካለማርያምም አብራቸው አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ለቀስተኛ ሳያያት ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሲደክማቸው አሮጊቷ እዚያው ፍራሹ ላይ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። ዝንቦቹ የወይዘሮ ታንጉትን ያበጠ ዓይን ከበቡት። አስካለማርያም ግድግዳው ሥር የወደቀ የሰሌን ማራገቢያ አነሣችና ፊታቸው ላይ ታራግብ ጀመር።

ደጅ አዲስ ለቀስተኞች ደረሱ፤ ከእርሻው የመጡ የሀብተ ሥላሴ ባልደረቦች ናቸው። ጩኸታቸው ድንኳኑን ሞላው። ስንቅነሽ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አስካለ፣ ተነሺ እንጂ፤ ሰዎቹ አንቺን እየጠበቁ ነው» አለቻት።

አስካለማርያም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እጇ ሲዝልባት ማራገቢያውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።